የምሥራቁ ሦስት ሚሊሜትር

የካርታው ፋይል ከአዲስ አበባው ማተሚያ ቤት ለሦስተኛ ጊዜ የተመለሰው በ1999 ዓ.ም. ኅዳር ወር ውስጥ ነው።

በመጀመሪያው ጊዜ የተመለሰው ፊደሎቹ ባዶ ሳጥን ስለሆኑ ነበር። ጣቢታ የተጠቀመችበት የአማርኛ ፎንት ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አልተጫነም፤ ስለዚህ የሃያ ሁለት ቀበሌዎች ስም እኩል የተደረደሩ አራት ማዕዘኖች ሆኖ ወጣ። ፊደሎቹን በሙሉ ወደ ስዕል ቀይራ፣ ማንም ኮምፒውተር ሊያበላሻቸው እንዳይችል አድርጋ፣ ሲዲውን በማለዳው አውቶቡስ ላከችው። በሁለተኛው ጊዜ የመለሰው ቀለም ነው። ስክሪን ላይ ለምለም የነበረው የእርሻ መሬት በማተሚያ ቀለም ሲለወጥ የሻገተ ሽሮ መሰለ። እሱንም አስተካከለችው።

በሦስተኛው ጊዜ ሚክያስ ራሱ ደወለ። ሚክያስ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ፋይል ተቀብሎ ለሕትመት የሚያዘጋጅ ሰው ነው፤ ጣቢታ በስልክ እንጂ በአካል አታውቀውም።

«ብሊድ የለውም» አላት።

«ላይ፣ ታችና ግራ አለው።»

«ቀኝስ?»

«ቀኝ ወሰን ነው።»

«የምን ወሰን?»

«የወረዳ።»

«እኔ ጋ ያለው ወረቀት ነው» አለ ሚክያስ። «ቀለሙ ከመቁረጫው መስመር ሦስት ሚሊሜትር ካላለፈ፣ ቢላው ትንሽ ሲንሸራተት ዳሩ ላይ ነጭ ክር ይወጣል። ብሊዱን በአራቱም ጎን ጨምረሽ ላኪው።»

ጣቢታ ይህን ታውቃለች። ሆሳዕና ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ባለው፣ ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር በሆነው ሱቋ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ የሠርግ ካርድ፣ የመዘምራን ካሴት ሽፋን፣ የትምህርት ቤት መታወቂያ በእጇ አልፏል። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። አዲስ የተቋቋመው ወረዳ ለምሥረታ በዓሉ ሃምሳ በሰባ ሳንቲሜትር የሆነ የግድግዳ ካርታ ሲያዝዝ፣ የማስታወቂያ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ወልደኪዳን አንድ ጥብቅ መመሪያ ሰጥቷት ነበር፤ በወረዳው ካርታ ላይ የጎረቤት ወረዳ መሬት አይታተምም። ወረዳው ሲከፈል የምሥራቁ ወሰን በማስመሪያ ስለተሰመረ ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ ወሰኑን ከወረቀቱ የቀኝ ዳር ጋር ገጠመችው። አሁን ግን ከዳሩ አልፎ የሚታተም ሦስት ሚሊሜትር ነገር ያስፈልጋል፤ ከዳሩ አልፎ ያለው ደግሞ ሌላ ወረዳ ነው።

ለአቶ ወልደኪዳን በስልክ ነገረችው። እንዲህ ያለ ጉዳይ በስልክ እንደማይወሰን ገልጾ፣ ማክሰኞ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ሰበሰበ። ጣቢታ የአንድ ሰዓት ተኩሉን መንገድ በሚኒባስ ሄዳ፣ የብረት ማስመሪያዋን ይዛ ገባች።

«ሦስት ሚሊሜትር መሬት ላይ ስንት ነው?» አለ የግብርናው ተወካይ።

«ካርታው አንድ ለሃምሳ ሺህ ነው። መቶ ሃምሳ ሜትር።»

«ርዝመቱስ?»

«የወረቀቱ ቁመት ሙሉ። ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር።»

ሰውዬው በእስክሪብቶ እጁ ላይ አባዛ። «አምስት መቶ ሃያ አምስት ሄክታር» አለ።

«የሌላ ወረዳ አምስት መቶ ሃያ አምስት ሄክታር አትመን፣ ቆርጠን ልንጥል?» አለ አቶ ወልደኪዳን። «ይህ ሲሰማ ምን እንባላለን?»

«የሚቆረጠው ወረቀት ነው» አለች ጣቢታ።

«ወይዘሪት ጣቢታ፣ የእነሱ ወረቀት ከሆነ የእኛም ወረቀት ነው።»

በዳሩ ላይ ነጭ ጠርዝ እንዲተው ሐሳብ አቀረበች። አቶ ወልደኪዳን በካርታው ጥግ ያለውን የቀለም መግለጫ በጣቱ ፈተሸ። ነጭ የለበትም፤ ስለዚህ ነጭ ማለት ባለቤት የሌለው መሬት ነው። አረንጓዴ ጠርዝ ብትልም አረንጓዴ በመግለጫው ላይ ደን ነው፤ በወሰኑ ላይ ደግሞ ደን አልነበረም፤ የሐሰት መረጃ ይሆናል። አንዱ አባል ሰማያዊ ይሁን አለ። ሰማያዊ ሐይቅ ነው። ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ርዝመትና መቶ ሃምሳ ሜትር ስፋት ያለው ሐይቅ ለተወሰኑት አባላት መጥፎ ሆኖ አልታያቸውም፤ ድምፅ ተሰጥቶበት ሐይቁ በአራት ለሦስት ወደቀ።

«እንግዲያውስ ከራሳችን ይቆረጥ» አለ አቶ ወልደኪዳን ተነሥቶ። «ካርታው ሦስት ሚሊሜትር ወደ ቀኝ ይገፋ። ለመልካም ጉርብትና ሲባል የእኛ ይቆረጥ።»

አጨበጨቡ። ከዚያ የሴቶች ጉዳይ ተወካይዋ፣ የተቆረጠው የት እንደሚሄድ ጠየቀች።

«ይጣላል» አለች ጣቢታ።

«የት?»

«ማተሚያ ቤቱ ቆሻሻ ላይ።»

ሰባቱም ተያዩ። የወረዳው መሬት አዲስ አበባ ቆሻሻ ላይ እንዳይወድቅ፣ ቁራጩ በሙሉ ተቆጥሮ እንዲመለስና መዝገብ ቤት እንዲቀመጥ ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፈረ።

ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ አንድ ሽማግሌ ወደ ጣቢታ ሱቅ ገባ። አቶ ጠና ይባላል፤ በወረዳው ምሥራቅ ዳር ያለችው ኡርቤቾ የምትባል መንደር ነዋሪ ነው። ከኮቱ ኪስ የለስላሳ ጠርሙስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አቆመ። ውስጡ ውሃ ነበር፤ ከታች ሁለት ጣት ያህል ቡናማ ዝቃጭ፣ ከላዩ የሚንሳፈፍ የገለባ ስባሪ።

«ካርታ የምትሠሪው አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባባ፣ ይቀመጡ።»

«እኔን የምትቆርጪኝ አንቺ ነሽ ማለት ነው።»

የቀበሌ ሊቀመንበራቸው ነግሯቸዋል። ወረዳው በዚህ ዓመት የውሃ ቦኖ የሚተክልላቸውን መንደሮች የሚመርጠው ግድግዳ ላይ ከሚሰቀለው ካርታ ነው። በካርታው ላይ ያለ ይመዘገባል፤ የሌለ አይመዘገብም። ኡርቤቾ አሥራ አንድ ቤት ነው፤ ሁሉም ከአንድ ኩሬ ከከብቶች ጋር የሚጠጡት ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ነው። ባለፈው ክረምት ሁለት ሕፃናት በተቅማጥ ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ አንደኛዋ የጠና የልጅ ልጅ ናት።

ጣቢታ ፋይሉን ከፈተች። የኡርቤቾ ነጥብ ስፋቷ አንድ ነጥብ ሁለት ሚሊሜትር ነው። ስሟ ቦታ ስለጠበበው በወሰኑ ቁመት ተጋድሞ ተጽፏል። ነጥቧም ስሟም ሙሉ በሙሉ በሦስቱ ሚሊሜትር ውስጥ ነበሩ።

«ቢላው በዚህ ያልፋል» አለችው በእርሳስ ጫፍ እያሳየች።

ጠና ዓይኑን አጥብቦ አየ። «ወደዚህ አምጪን።»

«አባባ፣ አራት ሚሊሜትር ወደ ምዕራብ ብገፋችሁ ከቢላው ታመልጣላችሁ። መሬት ላይ ግን ሁለት መቶ ሜትር ነው። እዚያ ምን አለ?»

«የሙሉአለም ባሕር ዛፍ።»

«ሰዎቹ ካርታውን ይዘው ይሄዱና ቦኖውን ባሕር ዛፉ ውስጥ ይተክሉታል።»

ጠና አሰበ። «ሙሉአለም በአጥሩ ዶሮ አያሳልፍም» አለ። «ተምረሽ ተምረሽ አራት ሚሊሜትር አቃተሽ?»

«አላቃተኝም። ውሸት ይሆናል።»

«አሁን ቆርጠሽ የምትጥዪንስ እውነት ነው?»

እሱ እያለ ለሚክያስ ደወለች። ብሊዱን አንድ ሚሊሜትር ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቀችው።

«ጣቢታ፣ አምስት መቶ ወረቀት ተደራርቦ ነው የሚቆረጠው» አላት። «የላዩ በትክክል ቢቆረጥ የታቹ እስከ ሁለት ሚሊሜትር ይሸሻል። ግማሹ ካርታ ላይ ነጭ ክር ይወጣብሻል። እኔ ደግሞ የእያንዳንዱን መንደር ዕጣ ይዤ ቢላ መጫን አልችልም።»

መንደሯ በካርታው ላይ ባትታይም በዝርዝሩ እንድትካተት የሚጠይቅ ደብዳቤ ጻፈች፤ ቁጥር ሰጥታ፣ ልኬቱን ዘርዝራ። አቶ ወልደኪዳን በስልክ መለሰላት። ዝርዝሩ ከካርታው ይወጣል እንጂ ካርታው ከዝርዝሩ አይወጣም። ጠና ጠርሙሱን ትቶላት ሄደ። ጣቢታ ካርታውን ሦስት ሚሊሜትር ወደ ቀኝ ገፋች፤ ሁለት ጊዜ ለካች፤ ፋይሉን አውጥታ ላከች።

ታኅሣሥ መጨረሻ አምስት መቶው ካርታ መጣ። ዳሩ ላይ አንድም ነጭ ክር የለም። ከካርታው ጋር አንድ ካርቶን ነበር። ቁራጩ መጀመሪያ ሲወጣ በዳሩ ሰፊ ነጭ ወረቀት ነበረው፤ ወረዳው ግን ነጩ የእኔ አይደለም ስላለ፣ ማተሚያ ቤቱ በድጋሚ ቆርጦ መሬቱን ብቻ አስቀርቶታል። ስለዚህ ካርቶኑ ውስጥ ሰባ ሳንቲሜትር ርዝመትና ሦስት ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው አምስት መቶ ክሮች ነበሩ።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሰይፈሥላሴ ግን ካርቶኑን አልረከብም አለ። ማኅተም የሌለው ወረቀት መዝገብ ቤት አይገባም። የወረዳው ክብ ማኅተም ከዳር እስከ ዳር ሠላሳ ዘጠኝ ሚሊሜትር ነው፤ ሦስት ሚሊሜትር ላይ አያርፍም። ሰይፈሥላሴ ሁለት ቀን አሰበበት። ከዚያ ክሮቹን አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት እያደረገ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ደረደረና በእያንዳንዱ ድርድር ላይ አንድ ማኅተም መታ። ሠላሳ ስምንት ማኅተም ወጣው። ስድስት ክሮች ተረፉ፤ እነሱን «ማኅተም ያልሞላላቸው» በሚል ርእስ ለብቻ አሰራቸው።

ጥር ውስጥ ካርታው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ የቦኖ ዝርዝርም ከሱ ላይ ወጣ። አሥራ አራት መንደሮች ነበሩ። ጠና ዝርዝሩን አስነብቦ ወደ አቶ ወልደኪዳን ገባ።

«የላችሁም፣ አቶ ጠና።»

«ፊትህ ቆሜ?»

«እርስዎ አሉ። መንደሩ ነው የሌለው።»

«የት ሄዶ?»

«ያ የመዝገብ ቤት ሥራ ነው። በማኅተም የተደገፈ ማስረጃ ካመጡ አያለሁ።»

ጠና ኮሪደሩን ተሻግሮ የመዝገብ ቤቱን መስኮት አንኳኳ። ኡርቤቾ የት እንዳለች ጠየቀ።

ሰይፈሥላሴ መዝገቡን ገለጠ። «ሳጥን ቁጥር ዘጠኝ» አለ።

በደንቡ መሠረት ሰነድ ለሚመለከተው ሰው በፊርማ ይሰጣል፤ ለአንድ አባወራ አንድ። ጠና ፈርሞ አንድ ክር ወሰደና ወደ አቶ ወልደኪዳን ተመለሰ። አቶ ወልደኪዳን ክሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው። የኡርቤቾ ነጥብ አለች። ስሟም አለ። ማኅተሙ ግን የአውራ ጣት ቁመት ያላት ሐምራዊ መስመርና የአንድ ፊደል እግር ብቻ ነበር።

«ይህ ማኅተም አይደለም፣ የማኅተም ቁራጭ ነው። ሙሉ ማኅተም ይምጣ።»

በማግስቱ የቀሩት አሥሩ የኡርቤቾ አባወራዎች በአይሱዙ መጥተው ፈረሙ። ሰይፈሥላሴ የጠና ክር ከወጣበት ድርድር ተራውን ሳያዛባ አሥሩን አወጣላቸው። አሥራ አንዱ ክር ሲደረደር ማኅተሙ በቀኝ በኩል ተገምጦ ታየ። ሁለት ይጎድላል።

«ሁለቱን ስጠኝ» አለ ጠና።

«ለማን?»

«ለእኔ።»

«ለአንድ አባወራ አንድ ነው፣ አባባ። ሁለት አባወራ ያምጡ።»

ጠና ወጣ። ከኡርቤቾ ባሻገር፣ ከወሰኑ አርባ ሜትር አልፎ፣ ከዚያው ኩሬ የሚጠጡ ሁለት ቤቶች አሉ። አንዱ የአክሊሉ ነው፣ ሌላው የተረፈ። ሁለቱም የጎረቤት ወረዳ ሰዎች ናቸው። በዚያ ወረዳ ካርታ ገና ስላልተሠራ ማንም መንደር አልተቆረጠም፣ ማንም ግን ቦኖ አላገኘም። የሰይፈሥላሴ ቅጽ ስም፣ ዕድሜና የቤተሰብ ብዛት ይጠይቃል። ወረዳ አይጠይቅም፤ ከውጭ ወረዳ መጥቶ የዚህን ወረዳ ቁራጭ የጠየቀ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። አክሊሉና ተረፈ ፈረሙ።

አቶ ወልደኪዳን ማኅተሙ መግጠም አለመግጠሙን ባለሙያ እንዲያረጋግጥ አዘዘ። ባለሙያ ማለት ጣቢታ ናት። ሐሙስ ጠዋት ስትደርስ አሥራ ሦስቱ ሰዎች በአቶ ወልደኪዳን ጠረጴዛ ዙሪያ እየተጋፉ ቆመው፣ እያንዳንዱ ክሩን በሁለት እጁ እንደ ሻማ ይዞ አገኘቻቸው።

«ከግራ ጀምሩ» አለች። «የወረቀቱን ጫፍ ከማስመሪያዬ ጋር አስነኩት። አይ፣ እርስዎ ገልብጠውታል።»

«ምኑን አውቄ!» አለ ሰውዬው። «ከሁለቱም በኩል ቀጭን ነው።»

«ዞር በል፣ ትከሻህ ይጋርደኛል።»

«አንተ ነህ በእኔ ቦታ የገባኸው። እኔ የ‹ወ› እግር ነኝ።»

ክሮቹ አንድ በአንድ አረፉ። ጣቢታ በእርሳስ ጫፍ እየገፋች አስጠጋቻቸው። ክቡ ሞላ፤ በዙሪያው ያለው ጽሑፍም ተነበበ። አሥራ ሦስት የኡርቤቾ ነጥቦች በአንድ ረድፍ ቆሙ።

«በሩን ዝጉ!» አለ ሰይፈሥላሴ ከኋላ። ነፋስ ገብቶ አራተኛው ክር ጫፉን አንሥቶ ነበር። ሁሉም ትንፋሻቸውን ያዙ።

አቶ ወልደኪዳን ጎንበስ ብሎ ማኅተሙን አነበበ። የራሱ ጽሕፈት ቤት ማኅተም ነው፤ ሊክደው አይችልም። ከዚያ ቀና ብሎ ሰዎቹን ቆጠረ፤ ዓይኑ አክሊሉና ተረፈ ላይ ቆመ።

«ኡርቤቾ አሥራ አንድ ቤት አይደለም እንዴ?»

ጣቱን ወደ ሁለቱ ዘረጋ።

«እነዚህ ሁለቱ እነማን ናቸው?»

«ማኅተሙ ይሙላ ነው ያልከን» አለ ጠና። «ሞላ።»

አቶ ወልደኪዳን ወደ ጣቢታ ዞረ። «ወይዘሪት ጣቢታ፣ ካርታውን የሠራሽው አንቺ ነሽ። በካርታው መሠረት እነዚህ ሁለት ሰዎች የት ናቸው?»

ጣቢታ የወሰኑን መስመር በገዛ እጇ ስላሰመረች የአክሊሉንም የተረፈንም ጣሪያ ቦታ ታውቀዋለች። ጠና አያት። ወደ ግድግዳው ሄዳ፣ ማስመሪያዋን በካርታው የቀኝ ዳር ላይ አቁማ፣ ከላይ እስከ ታች ተመለከተች።

«የሉም» አለች።

የጠና ትከሻ ወረደ።

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹም የሉም። በካርታው መሠረት አሥራ ሦስቱም የሉም።»

«እኩል ነው የሌሉት?»

«እኩል ነው።»

አቶ ወልደኪዳን ተቀመጠ። ለጥቂት ጊዜ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ። «አሥራ አንዱ ኖረው ሁለቱ ባይኖሩ ችግር ነበር» አለ። «ሁሉም ከሌሉ ግን አድልዎ የለም።» ከዝርዝሩ ግርጌ በቀጭን ፊደል ጻፈ፤ ተራ ቁጥር አሥራ አምስት፣ አሥራ ሦስት አባወራ፣ አንድ ቦኖ። ፈረመ። ሰይፈሥላሴ ማኅተሙን አምጥቶ መታበት፤ በዚህኛው ላይ ሙሉው ክብ በአንድ ወረቀት ላይ አረፈ።

ውጭ ጣቢታ ሚኒባስ ስትጠብቅ አሥራ ሦስቱ አይሱዙ ላይ ይሳፈሩ ነበር። ከላይ ጠና ወረቀቱን በደረት ኪሱ አድርጎ በሐዲይኛ ይጮሃል፤ አክሊሉም አያንስም። ቦኖው የት ይተከል በሚለው ገና ሳይነሡ ተጣልተዋል። አክሊሉ ወሰኑ ላይ ካለው ዋርካ ወዲያ ይሁን ይላል፣ ጠና ከዋርካው ወዲህ።

«አንተ ዝም በል!» አለ ጠና፣ ጣቢታም እንድትሰማው መሆን አለበት በአማርኛ። «ካርታው ላይ የለህም!»

«አንተስ የት አለህ?» አለ አክሊሉ።

መኪናው በሳቅ ተናወጠና ሄደ።